ማን ቀድሞ ይስማ?

ከትናንት ጀምሮ ሆድ ብሶኛል። ምክንያቱን በቅጡ አላውቀውም። ዝናቡም ይሆናል፤ የክትትል ካርዴ ላይ የተጻፈው የአልትራሳውንድ ቀጠሮ መቅረቡም ይሆናል። ባለቤቴ በደወለ ቁጥር «መቼ ነው የምናውቀው?» ይለኛል። ምርመራ አልጋው አጠገብ ቆሞ የሚያይ ያህል ነው የሚያወራው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የሚያብሰለስለኝም ይኸው ነው፦ ሰላም ማስከበር የሄደ አባት የልጁን ጾታ ከአክስትና ከጎረቤት ኋላ እንዳይሰማ ምን ቢደረግ ይሻላል?

ኬክ ቆርሶ ጾታ የማብሰር ነገር የመጣው ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ጄና ካርቩኒዲስ የምትባል ጦማሪ ውስጡ ሮዝ ክሬም ያለው ኬክ ለቤተሰቧ ቆረሰች፤ ወሬው ተዛመተና ልማድ ሆነ። በ2019 እሷው ራሷ ነገሩ ቅር እንደሚላት ጻፈች። በ2020 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተለኮሰ የጭስ ርችት ሰደድ እሳት አስነስቶ የአንድ እሳት አደጋ ሠራተኛ ሕይወት ጠፍቷል። ስለዚህ ርችትና ጭስ ከወዲሁ ይቅሩ። ለእኛ ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው፤ ሥርዓቱ የተሠራው አንድ ክፍል ውስጥ ለተሰበሰበ ሰው ነው። አንዱ ባህር ማዶ ወይም ድንበር ማዶ ከሆነ አይሠራም።

የማይሠራበትን ምክንያት ላስረዳ። በቪዲዮ ጥሪ ድምፅና ምስል እኩል አይደርሱም። መስመሩ ሲደክም መተግበሪያው ድምፁን ለማትረፍ ሲል ምስሉን ይተወዋል፤ ይደርቃል፣ ወይም ካሬ ካሬ ይሆናል። እዚህ ኬኩ ሲቆረስ ሰው ይጮኻል። እዚያ ያለው ጩኸቱን ይሰማል፣ ቀለሙን ግን ገና አላየም። «ምን ሆነ? ምንድን ነው?» እያለ ሲጠይቅ እዚህ ያለው ሰው እየተሳሳመ ስለሆነ የሚመልስለት የለም። የራሱን ልጅ ዜና ከሁሉም ኋላ ሰማ ማለት ነው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ነገሩን መገልበጥ ነው። ዜናው ከዚህ ወደዚያ አይሂድ፤ ከዚያ ወደዚህ ይምጣ። አብሳሪው እሱ ይሁን። እሱ ሲናገር መስመሩ ቢዘገይም ግድ የለም፤ የዘገየውን ያህል ሁላችንም አፉን እየጠበቅን እንቆያለን።

ከሁሉ በፊት ግን የሚበሰረው ነገር እውነት መሆን አለበት። ከ14ኛው ሳምንት በፊት የሚባለውን አለማመን ይሻላል። በ12ኛውና በ13ኛው ሳምንት የወንዱም የሴቷም ትንሽ ጉብታ ብቻ ነው፤ ባለሙያው የሚገምተው ጉብታዋ ቀና ማለቷን ወይም መተኛቷን አይቶ ነው። አስተማማኙ ጊዜ ከ18 እስከ 22 ሳምንት ያለው ነው። ያኔ ልቡን፣ አንጎሉን፣ አከርካሪውን፣ ኩላሊቱን አንድ በአንድ ስለሚያዩ ጾታውም በዚያው ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ ይመክራል። የሚመክረው ግን ለጾታ ብሎ አይደለም፤ የእርግዝናው ዕድሜ እንዲታወቅ፣ መንታ ከሆነ እንዲታይ፣ የአካል ጉድለት ካለ በጊዜ እንዲደረስበት ነው። እኛ የምንጓጓለት የዚያ ምርመራ ምርቃት ነው። ይህን የምጽፈው ለጾታ ብቻ ብለው በየሳምንቱ ገንዘብ የሚከፍሉ እህቶች ስላሉ ነው።

በ20ኛው ሳምንትም ቢሆን መሳሳት አለ። እትብቱ በሁለቱ እግሮች መካከል ሲያልፍ ወንድ ያስመስላል። የሴቷ ብልት ከንፈር በእናትየው ሆርሞን ሲያብጥ የቆለጥ ከረጢት ይመስላል፤ የወንዱ ቆለጦች ደግሞ በዚያ ዕድሜ ገና ከሆዱ አልወረዱም፣ ከረጢቱ ባዶ ነው። ሴት ከሆነች ጎን ለጎን የተሰመሩ ሦስት ነጫጭ መስመሮች መታየት አለባቸው። የወንድ ምልክት አለመታየቱ ብቻ ሴት ናት አያሰኝም። ልጁ በመቀመጫው ተቀምጦ እግሩን ካጣመረ 15 ወይም 20 ደቂቃ ወጣ ብሎ ወዲያ ወዲህ ማለት፣ ከዚያ በግራ ጎን ተኝቶ እንደገና ማሳየት ይረዳል። «ይመስለኛል» ከተባለ ፖስታ አይታሸግም፤ ሌላ ቀጠሮ ይያዛል።

ምስጢሩ የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ እዚያው ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው። «ጾታውን በቃል አይንገሩኝ፣ በወረቀት ይጻፉልኝ» ማለት የሚገባው ጄሉ ሆድ ላይ ከመፍሰሱ በፊት ነው። ስክሪኑን ያዙሩት። ምስሉ ላይ ጾታውን ተይበው የሚያትሙ ስላሉ የዚያ ምስል ኅትመት አይሰጠኝ ማለት ነው። ካርዱ ላይም አይጻፍ፤ ቤት ውስጥ ካርድ የማያገላብጥ ሰው የለም። ባለሙያው ሳያስበው «ተኝታለች» ካለም አለቀ፤ ይህንንም ቀድሞ ማስጠንቀቅ አይከፋም።

ወረቀቱን የሚቀበል አንድ ባለአደራ ያስፈልጋል። የኔ ትንሿ እህቴ ናት፤ ከእኛ ቤት ምስጢር የምትችል እሷ ብቻ ናት። ሥራዋ ይህ ነው፦ ወረቀቱን በስልክ ታነሳዋለች፣ ከዚያ ፎቶውን በቁልፍ ቁጥር በተዘጋ ዚፕ ፋይል ውስጥ ታስገባዋለች። ራር የሚባለው መተግበሪያ ይህን ያደርጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዚፕ ሲቆለፍ የሚቆለፈው ይዘቱ ነው፤ በውስጡ ያለው ፋይል ስም ግን ሳይከፈትም ይነበባል። ፎቶው «ሴት» ወይም «ወንድ» ተብሎ ከተሰየመ ቁልፉ ትርጉም የለውም። ስሙን «1» ማለት ነው። ፎቶውን ሳይቆልፉ መላክም አይሆንም፤ ገና ሳይነካ በትንሹ ተከፍቶ ይታያል።

ፋይሉ የሚላከው ከቀኑ አስቀድሞ፣ መስመሩ ደህና በሆነ ሌሊት ነው። ቴሌግራም ላይ በፋይልነት ይላካል፣ እሱም ማውረዱን ያረጋግጣል። በዕለቱ የሚቀረው ቁልፉን መንገር ብቻ ነው፤ ስድስት አኃዝ ደግሞ ቪዲዮ በማይሸከም መስመርም ላይ ያልፋል። አጭር መልእክት ከአገር አገር አንዳንዴ ይዘገያል፣ ስለዚህ በድምፅ ደውላ ታንብብለት፤ ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብላ። በተቆራረጠ መስመር ስድስትና ስምንት ይምታታሉ፤ ሁለቱንም ከቁልፉ ውስጥ ማውጣት ነው። የሠርጋችንን ቀን ቁልፍ ማድረግም አይሆንም፤ እሱ ቀድሞ ይሞክረዋል፣ አውቀዋለሁ።

ሰዓት። ሞቃዲሾ ያለ ሰው ከእኛ ጋር እኩል ነው። ጁባ ያለ ግን በአንድ ሰዓት ወደኋላ ነው፤ ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ሰዓቷን ስለቀየረች ነው እንጂ ከዚያ በፊት እኩል ነበርን። በዚህ ላይ የእኛ አቆጣጠር ይጨመራል። በጅማ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ማለት ጁባ ባለ ካምፕ ግድግዳ ሰዓት ላይ 9፡00 ነው። እሱ «በ9 ሰዓት» ብሎ ቢጽፍ እዚህ ያለው ሰው ከሰዓት በኋላ ይጠብቃል። በሁለቱም አቆጣጠር፣ «ጠዋት» የሚለውን ጨምሮ መጻፍ ነው።

ጠዋት ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ጅማን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በክረምት ከሰዓት በኋላ ሲዘንብ ቆርቆሮው ሥር ሆኖ አጠገብ ያለውን ሰው እንኳን መስማት ያስቸግራል። የስልክ ማይክ ደግሞ የቅርቡንም የጣሪያውንም ድምፅ አንድ ላይ ይወስደዋል። ከዝናቡ ጋር መብራት ይሄዳል፣ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቡናው በጠዋት ይፈላል፣ ስልኩ ሌሊቱን ሞልቶ ያድራል፣ ፓወር ባንክ ከአጠገቡ ይቀመጣል፣ የሞባይል ዳታም ይሞላል።

ስልኩን የሚይዝ ሰው አይኑር። የያዘው ሰው ሲደሰት ስልኩ ጣሪያ ያሳያል። ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ሦስት እግር ስለሆነ ወለሉ ባይስተካከልም አይወላገድም፣ ከፍታውም ቡና ላይ ከተቀመጠ ሰው ፊት ብዙ አይርቅም። ስልኩን በስኳር ጣሳ ማስደገፍ፣ አግድም ማድረግ፣ ጀርባውን ለመስኮቱ መስጠት። የሰዎቹ ጀርባ ወደ መስኮት ከሆነ ፊታቸው ጠቁሮ ነው የሚታየው። ረከቦቱን ከፊት ለፊቱ ማራቅም ያስፈልጋል፤ የዕጣኑ ጭስ ሌንሱ ላይ ሲሄድ ስልኩ ትኩረቱን ጭሱ ላይ ያደርግና ሰው ሁሉ ይደበዝዛል። ሁለተኛ ስልክ ይቅረጽ። ጥሪው ቢቋረጥ እንኳን ቀረጻው ኋላ በፋይልነት ይላክለታል።

ኬክ ካላችሁ ኬክም ይሁን፤ እሱ ካበሰረ በኋላ የሚቆረስ። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፦ ሰማያዊ ቀለም በሊጥ ውስጥ አይጨመር። የዕንቁላሉ አስኳል ቢጫ ስለሆነ ሲጋገር አረንጓዴ ይወጣል። ቀለሙ መሃል በሚገባው ነጭ ክሬም ላይ ይሁን፣ ደመቅ ይበል፤ ፈዛዛ ሮዝና ፈዛዛ ሰማያዊ በቢጫ አምፖል ሥር በስልክ ሲታዩ ሁለቱም ነጭ ነው የሚመስሉት። ክሬም ካልተገኘ ከሂርማታ ገበያ አንድ ሜትር ባለ አንድ ቀለም ጨርቅ ገዝቶ መዘርጋት ከኬኩ ይበልጣል፤ ምስሉ ካሬ ካሬ ቢሆንም ቀለሙ ይለያል።

የስክሪኑን ፎቶ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ የለም። ከጀርባው ድንኳን፣ መኪና፣ አጥር ይታያል። የካምፑ ስምና የሚመለስበት ቀን ደግሞ ለዘመድም አይነገርም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ አንድ ነገር ሐሳቤን ወሰደው። እሱ ሲናገር እኛ የምንመልሰው በእልልታ ነው። እልልታ ደግሞ ድሮም ጾታ ማብሰሪያ ነበር፤ ውጪ የቆመው አባት ቤት ውስጥ የተባለውን ቆጥሮ ነበር ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚያውቀው። ቁጥሩ ከአገር አገር ይለያያል፤ እኛ ቤት የሚባለው ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው። ኬክ ሳይኖር፣ ምስል ሳይኖር፣ በተራ የድምፅ ጥሪ ሊሻገር የሚችል ምልክት ነው። አልትራሳውንዱ ቢሳሳት እንኳን የሚያርመው የዚያን ቀኑ እልልታ ነው፤ እሱ የማረፊያ ጊዜው ካልደረሰ ያንንም በስልክ ነው የሚሰማው።

ለስልክ ሲሆን ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ መተግበሪያ ከንግግር ውጪ ያለውን ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያፍነዋል፣ እልልታም ከዚያ አያመልጥም። ሁሉም ሰው በአንድ ላይ እልል ካለ እዚያ የሚደርሰው ተቆራርጦ ነው፣ ለመቁጠር አይመችም። አንዲት ሴት ብቻ ትበል፣ ከስልኩ ሁለት ሜትር ርቃ፣ በየመሃሉ ትንፋሽ እየወሰደች። ሌላው ሰው ከዚያ በኋላ ይከተላል።

እማማ ይህን ስነግራት «ገና ያልተወለደ ላይ እልልታ አይባልም፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ በይ አሁን» አለችኝ። እሺ፣ እሱን ለወሊዱ ቀን እንተወው። የማልተወው ግን ቁጥሩን ነው። ሴት ከሆነች ሦስት ብቻ? ልብ፣ አንጎል፣ አከርካሪ፣ ኩላሊት ሲቆጠርላት የቆየች ልጅ፣ አባቷ ከአገር ውጪ ሆኖ ስሟን ሳያወጣላት ገና በስልክ የሚጠይቅላት ልጅ፣ ከወንድሟ በአራት ታንስ? ሰባት ትባል ብል ደግሞ አጥር ማዶ ያሉት እናቶች ወንድ ነው ብለው «እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጅሽ አባቱን ይተካ» እያሉ ይገባሉ፤ እሱም እዚያ መስመሩ ተቆራርጦበት ጣቱን እያጠፈ የሚቆጥር ከሆነ የሚያውቀው በቁጥሩ ነው። እኩል ካደረግነው በምን ይለያል? እማማን ብጠይቃት መልሷን አውቀዋለሁ። እሱን ግን አንድ ቀን እንኳን ጠይቄው አላውቅም። ዛሬ ማታ መስመር ካገኘን የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ሴት ከሆነች ስንት እልልታ መስማት ትፈልጋለህ?