ጎርጎራ፦ ጣና ዳር ወፍ ሳይ

ከጎንደር ወደ ጎርጎራ የሚወርደው ሰው አብዛኛው ዓሣ ሊበላ ነው። ዓሣው ጥሩ ነው፣ አልከራከርም። እኔ ታኅሣሥ ላይ የወረድኩት ግን ወፍ ለማየት ነው፣ ያየሁትንም ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም።

በጠዋት ሚኒባስ ይዤ በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት በኩል ወረድኩ። መንገዱ ከ60 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ቆላ ድባን እንዳለፍን የደምቢያ ሜዳ ተዘረጋ፤ ጥቁር አፈር፣ የታጨደ ጤፍ፣ አረንጓዴ ሽምብራ። ሜዳው ላይ ግራጫ፣ አንገተ ረጃጅም ወፎች ተበትነው እህል ይለቅማሉ። ክሬን ይባላሉ። የሚፈለፈሉት ሰሜን አውሮፓና ሩሲያ ነው፣ ብርዱን የሚያሳልፉት እኛ ጋ። ሾፌሩ ቆም እንዲልልኝ ብለምን ተሳፋሪው «ለወፍ?» አለና ሳቀ። አልቆመም።

ጎርጎራ ስንደርስ ሰዉ ወደ ጀልባው ሄደ። እኔ በእግሬ ዳር ዳሩን ይዤ ሄድኩ፣ ምክንያቱም ወፉ ያለው መሃል ባሕሩ ላይ ሳይሆን ዳሩ ላይ ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፣ ጥልቅ የተባለው ቦታ ግን 14 ሜትር ገደማ ነው። ዳሩማ ጉልበትም አይደርስ። ክረምቱ አልፎ ውሃው መሸሽ ሲጀምር ጭቃው ይወጣል፤ ትሉ፣ ቀንድ አውጣው፣ ትንንሹ ዓሣ እዚያው ይቀራል። ወፉ የሚከተለው ይህን ነው።

ፔሊካን የሚባሉት ትልልቅ የውሃ ወፎች ጋ ብዙ ቆየሁ። ሲያጠምዱ ማየት ለብቻው መንገዱን ያስረሳል። ግማሽ ክብ ሠርተው ይሰለፋሉ፣ ክንፋቸውን እያርገበገቡ ዓሣውን ወደ ዳር ይነዱታል፣ ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ምንቃራቸውን ይነክራሉ። ቀና ሲሉ ከምንቃራቸው ሥር ያለው ከረጢት በውሃ ተወጥሯል። ውሃውን ያፈሱና ዓሣውን ይውጡታል። ከረጢቱ ውስጥ ስንቅ አያስቀምጡም፣ መረባቸው ነው።

ዳር ላይ አንድ አዛውንት ደንገል እያሰሩ ታንኳ ይሠራሉ።

«ደህና ዋሉ አባባ፣ እነዚህ ወፎች ዓሣዎን አይሻሙብዎትም?»

«ይሻሙናል እንጂ ልጄ! ግን እነሱ የሌሉበት ዓሣም የለበት። ማለዳ ያረፉበትን አይቼ ነው መረቤን የምጥል።»

ከሳቸው አለፍ ብሎ፣ ደንገሉ መሃል፣ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነው ዓሣ አዳኝ ወፍ አየር ላይ ባለበት ቆሞ ክንፉን ያርገበግባል። ድንገት ቁልቁል ይወረወራል። ከሱ ሥር ጃካና የሚባል ወፍ ረጃጅም ጣቶቹን ዘርግቶ ተንሳፋፊ ቅጠል ላይ ይራመዳል፣ አይሰምጥም። በጃካና ቤት እንቁላል የሚታቀፈውም ጫጩት የሚያሳድገውም ወንዱ ነው። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን ክንፉ ሥር ሸጉጦ ይሸሻል፣ እግራቸው ብቻ ተንጠልጥሎ ይታያል ይባላል። ይህን በዓይኔ ሳላይ መሞት አልፈልግም።

የሚያናድደኝ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ አረም ነው። ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ነው፤ ክፉኛ የተጎዳው ደግሞ ይኸው የደምቢያ ወገን ያለበት ሰሜን ምሥራቁ ዳር ነው። የሚሸፍነው ያንኑ ጥልቀት የሌለውን ውሃ ነው። ከሥሩ ብርሃን አይገባም፣ አየር ያጥራል፣ ዓሣው ይርቃል፣ ፔሊካንም በእምቦጭ ምንጣፍ ላይ አያጠምድም። በዚህ ላይ ደንገሉ እየተመነጠረ የባሕር ሸሽ፣ ማለትም ውሃው ሲሸሽ የሚታረስ፣ እርሻ ይሆናል። ገበሬው መሬት ጠቦት ነው፣ ይገባኛል። ግን ዓሣውም የሚራባው፣ ወፉም ጎጆ የሚሠራው እዚያው ደንገል ውስጥ ነው። ታንኳ ለመሥራት ጥቂት እስር ማጨድና ሥሩን ነቅሎ ማረስ አንድ አይደለም። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሏል፤ ጥበቃው ዳሩ ድረስ ይውረድ ነው የምለው።

መሄድ ያሰበ ሰው ከኅዳር እስከ የካቲት ይሂድ፣ ክሬኖቹም አሉ። ባይኖኩላር ካለው ይያዝ፣ ከሌለው ይዋስ። ማለዳ መድረስ ይሻላል፣ ፀሐዩ ሲበረታ ወፉም ጥላ ይፈልጋል። ጀልባ ከተከራያችሁ ደንገሉ ጋ ስትደርሱ ባለ ጀልባውን «ሞተሩን አጥፋልኝ» በሉት፤ ነዳጅም ስለሚተርፈው እምቢ አይላችሁም።