ለጌማችሁ ክፍል ሁለት በጀት ስትይዙ እጃችሁ የገባውን ብቻ ቁጠሩ

ስቲም ላይ፣ ማለትም የኮምፒውተር ጌም በኢንተርኔት የሚሸጥበት መደብር ላይ፣ ጌም ማውጣቱ ራሱ አይከብድም። 100 ዶላር ትከፍላላችሁ፣ ትመዘገባላችሁ፣ ፋይሉን ትጭናላችሁ። የመጀመሪያ ጌማችንን አዲስ አበባ ተቀምጠን እንዲህ አወጣን። እስካሁን እኮራበታለሁ።

ጣጣው የመጣው በሽያጩ ገንዘብ ክፍል ሁለትን ልንሠራ ስንነሳ ነው። አሜሪካ ያለ ተጫዋች ከከፈለው 100 ዶላር ስቲም 30ውን ይወስዳል። ከቀረው 70 ላይ የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ 30 በመቶ ግብር ይቆርጣል። ይህን የሚቀንስ የግብር ስምምነት ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የላትም። 49 ቀረ።

ከዚያ ባንኩ አለ። "የኔ እህት፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑስ?" አለኝ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ። ጌም ነው፣ በኢንተርኔት ነው የሚሸጠው አልኩት። "እሺ፣ ዕቃው በየት በኩል ወጣ?" ከስቲም ጋር ያለንን ውል አትሜ አመጣሁ። ማኅተም የለውም ተባልኩ። ውሉ ኮምፒውተር ላይ "እስማማለሁ" ብለው የሚገቡበት ነው፤ ማኅተም ከየት ይምጣ? ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለሺ። በስንት ምልልስ ሲለቀቅ፣ ሳይጠይቁኝ ወደ ብር ቀይረው አስገቡት። ለክፍል ሁለት የሙዚቃና የሶፍትዌር ፈቃድ የሚከፈለው ደግሞ በዶላር ነው። የገዛ ዶላሬን መልሼ ለመግዛት ወረፋ ያዝኩ! ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ገንዘቡ ከመድረሱ በፊት የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ክፈቱ። ጥያቄያችሁን በደብዳቤ አስገቡ፣ ቅጂው ላይ አስፈርሙ። በቃል የተነገራችሁን አትመኑ።

"ክፍል ሁለት ከአንደኛው መግዘፍ አለበት" የሚለውንም ምክር አልቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ስፓይደርማን 2 የተባለው የሶኒ ጌም ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ይህ የታወቀው ከሠሪው ኩባንያ ተሰርቀው በወጡ ሰነዶች ነው። ሶኒን የሚያህል ኩባንያ ይሸከመዋል፤ እኛ አንሸከመውም። ለእኛ የሚሆነን የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኩባንያ የኔንቲዶ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ለወጣው ኦካሪና ኦፍ ታይም ለተባለ ጌም የተሠሩትን ገጸ ባሕርያት መልሶ ተጠቅሞ በ2000 ተከታዩን ጌም ማጆራስ ማስክን አወጣ። ታሪኩ ግን ፍጹም ሌላ ነበር።

እኛም ኮዱንም ከተማውንም እንዳለ ወሰድን። ገንዘቡን ታሪኩና ድምፁ ላይ አዋልነው። አንዳንድ ተጫዋቾች "ሰፈሩ ያው ነው" ብለው ወቅሰውናል። ይውቀሱን። ክፍል ሁለት ያለ ብድር አልቋል፣ የሠራበት ሰው ሁሉ ተከፍሎታል።