ቀይዋን ነጥብ ማሳደድ የተውኩ ዕለት

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከእንጦጦ ወዲያ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ድርብ ብርድ ልብስ እዚህ ፈላጊ አያጣም። የኔ ላዩ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ፣ መሃሉ ጥጥ፣ ታቹ አቡጀዲ ነው። ሦስቱን አንድ ላይ የምሰፋበትን ረጅም ክንድ ያለውን መኪና እህቴ ከአሜሪካ ላከችልኝ። የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት፣ የኛ 220 ስለሆነ መጀመሪያ ትራንስፎርመር ገዛሁ።

ጨርቁ ፍሬም ላይ ተወጥሮ ይቀመጣል፣ የሚንቀሳቀሰው መኪናው ነው። ፓንቶግራፍ ደግሞ ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ፣ ዲዛይን የተሳለበት ረጅም ወረቀት ነው። ከኋላ ቆሜ የመኪናውን እጀታ ይዤ፣ መኪናው ላይ የተገጠመችውን የሌዘር መብራት ቀይ ነጥብ በመስመሩ ላይ ስነዳ፣ መርፌው ያንኑ ቅርጽ ጨርቁ ላይ ይሰፋል።

የመጀመሪያ ምርጫዬ የሀበሻ ቀሚስ ጥለት የሚመስል፣ ቀጥ ያለ መስመርና ማዕዘን የበዛበት ዲዛይን ነበር። በጣም ወድጄው ነው የመረጥኩት። ጎረቤቴ እትዬ ልጃቸው ወልዳ ለሕፃኑ አዘውኝ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ በሰማያዊ ክር ሰፋሁት። ቀጥ ያለ መስመር ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ወዲያው ያሳብቃል፣ በዚያ ላይ ክሩ ከሩቅ ይታያል። እትዬ «ልጄ፣ ይሞቃል እኮ፣ ምን አነሰው?» አሉኝ። እኔ ግን ሕፃን የሚታቀፍበት ነገር እንደዚያ ሆኖ ከቤቴ እንዲወጣ አልፈለግኩም። ሦስት ማታ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ፈታሁት።

በሁለተኛው ሐረግና ቅጠል መረጥኩ። ክብ ክብ የሚል ቅርጽ ስህተት ይሸፍናል፤ አንዱ ቅጠል ከሌላው ትንሽ ቢሰፋ የሚያስተውል የለም። ክሩንም ነጭ አደረግኩት። ዲዛይኑ በጣም የተጠጋጋ እንዳይሆንም ተጠነቀቅኩ፣ ስፌት ሲበዛ ብርድ ልብሱ ደርቆ ሰሌን ይመስላል።

ቁመቱን ግን አላሰብኩበትም። የመኪናዬ ክንድ 45 ሴንቲሜትር ነው፣ ስለዚህ 35 የሚረዝም ዲዛይን ይበቃዋል ብዬ ገዛሁ። የተሰፋው እየተጠቀለለ ሲሄድ ጥቅሉ ይወፍራል፣ ቦታውን ይበላል። መጨረሻው ረድፍ ላይ መኪናው ጥቅሉን ገጭቶ ቆመ፤ ቅጠሉ ጫፉ ተቆርጦ ቀረ። አሁን ከ25 አላልፍም። የብርድ ልብሱን ርዝመት ለዲዛይኑ ቁመት አካፍዬ ስንት ረድፍ እንደሚሆን ሳላውቅ አልጀምርም፤ 200 ከሆነ 8 ረድፍ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ዓይኔ ነበር። ቀይዋ ነጥብ ላይ አፍጥጬ ስሄድ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ መስመሩን ስስት እመልሳለሁ፣ ስመልስ ደግሞ አልፋለሁ። አንድ ቀን ደክሞኝ ሳላስበው ከነጥቧ ሦስት አራት ጣት ቀድሜ መንገዱን ማየት ጀመርኩ። እጄ በራሱ ተከተለ! ትከሻዬ ወረደ፣ ቅጠሎቹም እንደ ቅጠል መዞር ጀመሩ። መኪና የሚነዳ ሰው ጎማውን እያየ አይነዳም፣ ይኸው ነው ነገሩ። ከዚያ ወዲህ ጀማሪ ሲመጣ መጀመሪያ ክር ሳላስገባ መኪናውን አጥፍቼ መስመሩን አሥር ጊዜ አስነዳዋለሁ።

ከረድፍ ወደ ረድፍ ሳልፍ ከመጠቅለሌ በፊት ካለቀው ረድፍ አንዱ ቅጠል ጫፍ ላይ ስፒል እሰካለሁ። ከጠቀለልኩ በኋላ መርፌውን ስፒሉ ጋ አምጥቼ፣ ነጥቧ ወረቀቱ ላይ በነጠብጣብ በተሳለው ጎረቤት ረድፍ ያንኑ ጫፍ እስክትነካ ወረቀቱን አስተካክላለሁ። ይህን የዘለልኩ ቀን ረድፎቹ መሃል ባዶ መንገድ ይከፈታል። የታችኛውንም ክር ረድፍ ሳልጀምር አያለሁ።

መብራት መሃል ላይ ከሄደ መኪናውን አልነቀንቅም። መርፌውን በእጅ አዙሬ ጨርቁ ውስጥ አስገባለሁ፣ ሻይ እጥዳለሁ። ሲመጣ አራት አምስት ስፌት በድሮው ላይ ደርቤ እቀጥላለሁ። የእትዬ የልጅ ልጅ ብርድ ልብስ ላይ ሁለት ጊዜ ሄዷል። የትኛው ቅጠል ላይ እንደሆነ አሁን እኔም ፈልጌ አላገኘውም።