የበረዶው ወቅት ቅባትና የጾም ሽሮ

በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ክረምት ሲባል የሐምሌ ዝናብ ሳይሆን ወራት የሚቆይ በረዶ ነው፤ እኔ ግን ይህን ወቅት ከልቤ እወደዋለሁ። የቤቱ ማሞቂያ አየሩን ስለሚያደርቀው፣ ገላዬን ታጥቤ እንደወጣሁ፣ ቆዳዬ ገና እርጥብ ሳለ ግሊሰሪን ያለበት ሎሽን እቀባለሁ። ግሊሰሪን ውኃን ወደ ላይኛው የቆዳ ክፍል ይስባል፤ ከላይ የምደርበው ቫዝሊን ደግሞ ያ እርጥበት እንዳይተን ይከድነዋል። ለተሰነጠቀ ተረከዝ ግን ከሺያ ዛፍ ፍሬ የሚወጣውን የሺያ ቅቤ የሚተካ አላገኘሁም፤ ዛፉ በአገራችን በጋምቤላ እንደሚበቅል ካወቅሁ ወዲህማ ፍቅሬ ጨምሯል። በመዳፎቼ መካከል እስኪቀልጥ አሽቼው፣ ተረከዜን ቀብቼ፣ ካልሲ አድርጌ እተኛለሁ።

ወቅቱ ከነቢያት ጾም ጋር ስለሚገጥም፣ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ በቤቴ የሚበስለው የጾም ምግብ ብቻ ነው። ምስር ወጡም ጎመኑም ደስ ይላል፤ ሽሮ ግን የተለየ ነው። በደቃቁ የተከተፈውን ቀይ ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይት በዝግታ አቁላላዋለሁ፤ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ጨምሬ ቁሌቱ ሲበስል ውኃ አፈስበትና፣ እናቴ በበሶብላና በኮረሪማ አዘጋጅታ የላከችልኝን ሽሮ፣ እንዳይጓጉል እያማሰልሁ እነሰንስበታለሁ። ከዚያ በሸክላ ድስት ውስጥ በለስላሳ እሳት ተክ ተክ እያለ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት አለበት፤ በችኮላ የወረደ ሽሮ ጥሬ ጥሬ ይላል። ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ቃሪያ ጣል አድርጌበት፣ የመስኮቱ መስታወት በእንፋሎት እንደተሸፈነ፣ ድስቱን እየፈላ ከእንጀራው አጠገብ አቀርበዋለሁ።