ካርታው በወንድም ስም የሆነ የውርስ ቤት

በባሕር ዳር ወላጆች ካረፉ በኋላ በቤቱ የቀረው ልጅ ካርታውን በስሙ ሲያዞር፣ ወንድምና እህቶቹ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል፤ ሽምብጥ ሰፈር የሚኖሩት አክስቴም የጠየቁኝ ይህንኑ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1195 ካርታ የያዘውን ሰው ባለሀብት ነው ብሎ ይገምታል፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ግን ይህ ግምት በማስረጃ ሊፈርስ የሚችልባቸውን ምክንያቶች ያስቀምጣል።

ኑዛዜ ከሌለ ልጆች ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ በእኩል ይወርሳሉ። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ቤቱ በትዳር የተፈራ ከሆነ በሕይወት ያሉት እናት ወይም አባት ግማሹ ድርሻቸው እንደሆነና የሚወረሰው የሟች ድርሻ ብቻ መሆኑን ነው። የመጀመሪያው እርምጃ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ማውጣት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። በቁጥር 1000 መሠረት የወራሽነት ጥያቄ ክስ፣ ከሳሹ መብቱንና ንብረቱ በተከሳሽ መያዙን ካወቀበት ጊዜ አንሥቶ በ3 ዓመት በይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። በወራሾች መካከል የሚነሣ የክፍፍል ጥያቄ ከዚህ ክስ የተለየ ስለሆነ፣ አቤቱታው በየትኛው መልክ እንደሚቀርብ ጠበቃ አስቀድሞ ቢያየው ይሻላል። «ሽማግሌ ይዘናል» እየተባለ ዓመታት ሲያልፉ ማየት ያሳዝናል፤ ሽምግልናውን አልነቅፍም፣ ስምምነቱ ግን በጽሑፍ ይሁን። ቤቱ ይሸጣል የሚል ሥጋት ካለ ደግሞ ክሱን ከማቅረብ ጋር በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 መሠረት የእግድ ትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል።