በርገንን በእግሬ

ዛሬ መርከባችን ኖርዌይ፣ በርገን ቆማ ለሰባት ሰዓት ያህል ለቀቁን። የአውቶቡሱ ጉብኝት ኪስ ያራግፋል፣ በእግሬ ይሻለኛል ብዬ ወጣሁ። ገና ከወደቡ ሳልርቅ ዝናቡ ወረደ። ጃንጥላዬን ነፋስ ገለበጠውና እዚያው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ቀረ።

ብሪገን የሚሉት የድሮ ነጋዴዎች ሰፈር ግን ዝናቡን አስረሳኝ። ቀይና ቢጫ የእንጨት ቤቶች ውሃው ዳር ተደርድረዋል፤ አንዳንዶቹ ዘመም ብለው ጎረቤታቸውን ተደግፈዋል። ከፊት ፎቶ ተነስታችሁ እንዳትመለሱ! በመሃል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ግቡ። ከላይ እንጨት፣ ከጎን እንጨት፣ የምትረግጡትም ጣውላ ነው፤ ሲጥ ሲጥ ይላል።

እ.ኤ.አ. ከ1360 ገደማ ጀምሮ ሃንዛ የሚባለው ማኅበር የጀርመን ነጋዴዎች እዚህ ተቀምጠው ከሰሜን የሚመጣውን የደረቀ ዓሣ ይገዙ፣ እህል ይሸጡ ነበር። ዓሣው ያለ ጨው፣ በብርድና በነፋስ ብቻ ነው የሚደርቀው፤ የዓሣ ቋንጣ በሉት። ቃጠሎ ስለሚፈሩ ቤቶቹ ውስጥ እሳት ማንደድ ክልክል ነበር፣ በዚያ ብርድ! ለመሞቅ ከኋላ ለብቻቸው ወደተሠሩ አዳራሾች ይሄዱ ነበር። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1702 ሰፈሩ ነደደ፤ የዛሬዎቹ ቤቶች ከዚያ በኋላ በድሮው ቅርጽ የተሠሩ ናቸው።

ፍሎየን ተራራንም በእግሬ ወጣሁት፤ 320 ሜትር አካባቢ ነው፣ ጉልበቴ ግን አላመነም። ላይ ስደርስ ጉም ብቻ። ለሁለት ደቂቃ ገለጥ ሲል መርከባችን የክብሪት ቀፎ አክላ ታየችኝ።

አሁን ጫማዬን በፀጉር ማድረቂያ እያደረቅኩ ነው።