ሰባት ቀስቶች

ዛሬ በማስተማር ልምምዴ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎችን ስክራች ጁኒየር ከተባለው፣ ከ5 እስከ 7 ዓመት ለሆኑ ልጆች ከተዘጋጀው የኮዲንግ (ለኮምፒውተር ትእዛዞችን የመደርደር) መተግበሪያ ጋር አስተዋወቅሁ። ትእዛዞቹ በሥዕል የቀረቡ በመሆናቸው ማንበብ ገና ያልለመደ ልጅም በስክሪኑ ላይ ያለችውን ድመት ማንቀሳቀስ ይችላል። የክፍለ ጊዜው ሩብ ታብሌቶቹን በማደልና ድምፃቸውን በማስቀነስ አለቀ፤ ይህን በዕቅዴ ውስጥ ጨርሶ አላሰብኩበትም ነበር።

አንዲት ተማሪ ድመቷን ዛፉ ዘንድ ለማድረስ ወደ ቀኝ የሚያራምደውን ቀስት ሰባት ጊዜ ደርድራ አገኘኋት። በአንዱ ቀስት ላይ 7 ብሎ መጻፍ እንደሚበቃ ላሳያት እጄን ስዘረጋ፣ አማካሪ መምህሬ በዓይናቸው ከለከሉኝ። ልጅቷ ጥቂት ቆይታ ቀስቶቹን በጣቷ ቆጠረች፤ ከዚያም ስድስቱን አንድ በአንድ አውጥታ በቀረው ላይ 7 ጻፈች። ማምሻውን ለነገ ካዘጋጀሁት ማብራሪያ ግማሹን ሰረዝኩት።